የባሌ ጣቶች በክንዴ ላይ

ደረቱ ውስጥ ሰው ሠራሽ የልብ በር የተገጠመለት ሰው ይህን ካገኘው፣ በመጀመሪያ ለእሱ ነው የጻፍኩት። ጤነኛ ሰው ቢያነበውም አይከፋኝም፤ እህቱ ወይም ምራቱ ወይም ጎረቤቱ እንደ እኔ ልትሆን ትችላለች። ትርንጎ እባላለሁ፤ ሰቆጣ ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም። ስለዚህ እያነበባችሁ ከንፈር ልትመጥጡ ያሰባችሁ ካላችሁ ከአሁኑ ተዉት።

ጋዝጊብላ ውስጥ ሳድግ ጉሮሮዬን በየጊዜው ያመኝ ነበር። ያብጣል፣ ይድናል፣ እንረሳዋለን። ጉሮሮዬ በዳነ ቁጥር ልቤ እየተጎዳ መሄዱን ያወቅነው አድጌ፣ ሥራ ይዤ፣ ዳገት መውጣት ሲያቅተኝ ነው። አዲስ አበባ ሄጄ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝና የተበላሸው የልቤ በር ወጥቶ በሰው ሠራሽ ተተካ። አዲሱ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፅ አለው። ክፍል ውስጥ ጸጥ ሲል ፊት የሚቀመጡት ተማሪዎቼ ይሰሙታል፤ አንዷ እንዲያውም "ቲቸር፣ ሰዓትሽን የት ነው የደበቅሽው?" ብላኛለች። ባለቤቴ ሲሳይ ደግሞ "አንቺ ዋሽተሽ አታመልጪኝም፣ ልብሽ ይናገርብሻል" እያለ ያሾፍብኛል።

ይህን በር የያዘ ሰው ደም ማቅጠኛ የሚባል ክኒን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ክኒኑ ካነሰ ደም በሩ ላይ ይረጋል፤ ወይ ልብን ያቆማል፣ ወይ ተቆርሶ አንጎል ድረስ ሄዶ ሰውን ሽባ ያደርጋል። ከበዛ ደግሞ ሰው ያለ ቁስል ይደማል። ስለዚህ የደሜ ቅጥነት በየጊዜው ይለካል። ክትትሌ ደሴ ስለሆነ በወልድያ በኩል እየተመላለስኩ ዓመታት አለፉ፤ ሕመሜንም እንደ አንድ አስቸጋሪ ዘመድ ለምጄው ነበር። ዘንድሮም የመጣብኝን ነገር መጀመሪያ የናቅሁት በዚህ መልመድ ምክንያት ይመስለኛል።

ሲሳይ ግንበኛ ነው። ቤታችን ከአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን በታች ስለሆነ መንገዱ ዳገት ነው፤ እኔ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል። ስለዚህ ከክርኔ ከፍ አድርጎ ክንዴን ይይዘኝና ቀስ እያልን እንወጣለን። ድንጋይ የለመደ እጅ ስለሆነ አያያዙ ጠንከር ይላል፣ እኔም ጠንከር ማለቱን እወደዋለሁ። የሰፈሩ ሴቶች "ሙሽሮቹ መጡ" ይሉናል። በአገራችን ባልና ሚስት መንገድ ላይ ተያይዘው መሄድ ብዙም ስላልተለመደ፣ ይህ ክንድ መያዝ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ሆኖ ነበር።

የሲሳይ እናት ከአበርገሌ፣ ከኒሯቅ አካባቢ ነው የመጡት። አገሩ ሲታወክ ወደ እኛ መጥተው በዚያው አብረውን ቀሩ። እኔም እማዬ ነው የምላቸው። የአገራቸውን ቋንቋ ኽምጥኛን ከአማርኛው ጋር ቀላቅለው ሲናገሩ ደስ ይሉኛል። ደረቴ ላይ ያለውን ጠባሳ ባዩ ቀን ብዙ ደም እንደፈሰሰኝ ገመቱና የፈሰሰውን ሊተኩልኝ ቆረጡ። ጓሮውን ቆፍረው ጎመን ተከሉ፤ ዕቃ የታጠበበትን ውኃ እያጠራቀሙ ያጠጡታል። ሁዳዴ ሲገባ ጎመኑ ደርሶ ነበር። የነፍስ አባቴ ስለ ሕመሜ ብለው ጠዋት እንድበላ ፈቅደውልኛል እንጂ የፍስክ ምግብ አልነካም። ስለዚህ በጾሙ ሁሉ ጠዋት ጎመን፣ ማታ ጎመን ሆነ። "ብዪ ልጄ፣ ደም ይሆንሻል" ይሉኛል፤ እኔም ፍቅራቸው ነውና እበላለሁ።

በጾሙ አጋማሽ ለክትትል ደሴ ስሄድ ደምሽ ወፍሯል ተባልኩ። "ክኒን ታቋርጫለሽ?" ብለው ጠየቁኝ። ክኒን አቋርጬ ስለማላውቅ ጥያቄው ራሱ አናደደኝ። መጠኑ ተጨመረልኝና ተመለስኩ። ምን እንደምበላ የጠየቀኝ አልነበረም፣ እኔም አልተናገርኩም። ለመሆኑ ጎመን በላሁ ብሎ ለሐኪም የሚናዘዝ ሰው ማን አለ?

ከዚያ ፋሲካ ሆነ፤ ሃምሳው ገባ። በእኛ ዘንድ ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ጾም የለም፤ ረቡዕና ዓርብም ይበላል። እማዬ በሃምሳው ጎመን መቀቀልን ትንሣኤውን እንደመካድ ነው የሚቆጥሩት። ወተቱ፣ ዕንቁላሉ፣ ሥጋው እንደ አቅማችን ቀረበ። የጓሮው ጎመን ለጎረቤት ፍየሎች ተሰጠ። እኔ የተጨመረልኝን ክኒን በየማታው፣ አንድም ሳላጎድል መዋጤን ቀጠልኩ።

መጀመሪያ ያየሁት መፋቂያዬ ላይ ያለውን ደም ነው። ድድ ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ድካም መጣ፣ ራሴን ይከብደኝ ጀመር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተኝቼ ተነሣሁና ልብሴን ስቀይር ክንዴ ላይ የበለዘ ነገር አየሁ። አራት ጥቁር ምልክቶች በአንድ በኩል ተደርድረዋል፤ በሌላው በኩል አንድ ወፈር ያለ አለ። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ምንም ማሰብ አላስፈለገኝም።

ሲሳይ ገብቶ አየውና "ይኼን ማነው ያደረገሽ?" አለኝ።

"አንተ ነህ፤ ጠዋት ዳገቱ ላይ" አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ እጁን ወደ ክንዴ አስጠጋና ጣቶቹን በምልክቶቹ ላይ አኖረ፣ ሳይነካኝ። ልክ ገጠሙ። እጁን መልሶ ገልብጦ አየው።

"ይህን ያህል ጨምቄሻለሁ እንዴ?"

"አልጨመቅከኝም። እንደ ሁልጊዜው ነው የያዝከኝ።"

እንደ ሁልጊዜው ነበር። እኔም ፈራሁ። ከአዲስ አበባ ስወጣ ያለ ምክንያት ከበለዝሽ ወደ ሐኪም ሂጂ ተብያለሁ። ግን ይህ ምክንያት አለው፤ የባሌ ጣት ነው። ይህን ይዤ ሆስፒታል ብሄድ ምን እንደሚጠይቁኝ አውቀዋለሁ። ከተማው ትንሽ ነው፤ ሲሳይ የሚሠራበት ቤት ባለቤትም፣ የሆስፒታሉ ዘበኛም፣ የተማሪዎቼ ወላጆችም ይተዋወቃሉ። ስለ ሕመሜ ከማሰብ ይልቅ ስለ ባሌ ስም ማሰብ ጀመርኩ። በዚያ ሙቀት እጅጌው ረጅም ሹራብ ለብሼ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ሹራብ ምን ያህል ይሸፍናል? ሰሌዳው አናት ላይ ስጽፍ እጅጌዬ ከክርኔ በላይ ይሸሻል። ባልደረቦቼ አዩና ዓይናቸውን አዞሩ። እማዬም ልብስ ሳጥብ አዩኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጃቸውን ውኃ አንሥተው ማስታጠባቸውን ተዉ። እሱ እጁን ዘርግቶ ሲጠብቅ ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀምጠውለት ይሄዳሉ። በኋላ ለጎረቤት "አባቱም እንዲሁ ነበር፤ ዘር ነው" ብለው ማልቀሳቸውን ሰማሁ። እኔ ደግሞ ደፍሬ "እማዬ፣ እርስዎ እንደሚያስቡት አይደለም" ስላቸው፣ "እኔም እንዲህ እል ነበር ልጄ" አሉኝ።

ድካሙ ሲብስብኝ ስለ ክንዴ የማይጠይቁኝ ቦታ መረጥኩ። አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩና ራስ ምታትና ድካም ብቻ ተናገርኩ። ወረፋ ስጠብቅ ከጎኔ የተቀመጠች ነፍሰ ጡር አፍንጫዬ ሥር ደም አይታ መሐረቧን ሰጠችኝ። የክሊኒኩ ባለሙያ ምርመራ ረጅም አልነበረም። ታይፎይድ ነው አለኝ።

"የልብ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ደም ማቅጠኛ" አልኩት።

"እሱ የልብ ነው። ይኼ የአንጀት ነው፤ አይገናኝም" አለኝ።

ዳሌዬ ላይ የራስ ምታት ማስታገሻ መርፌ ወጋኝ፣ ለታይፎይዱ ደግሞ የሚዋጥ ሰጠኝ። በማግስቱ የተወጋሁበት ቦታ አብጦ ጠነከረ፤ መቀመጥ ስላልቻልኩ ቆሜ አስተማርኩ። ከዚያ ሽንቴ መልኩ ተለወጠ፣ ያለ ወተት የተፈላ ሻይ መሰለ። ይህን ለሲሳይ ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። አንዲት ጎረቤታችን ያንን ክኒን አቁሚው አለችኝ። ማታ ክኒኑን መዳፌ ላይ ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ብውጠው ደሜ ፈስሶ ያልቃል፤ ብተወው ልቤ ላይ ይረጋል። ሕይወቴን ያቆየልኝን ነገር እንዲህ ፈርቼው አላውቅም። በመጨረሻ ዋጥኩት። ተኝቼም የልቤን በር ድምፅ መቁጠር ያዝኩ፤ አንድ ምት የዘገየ በመሰለኝ ቁጥር ሲሳይን እጠራዋለሁ፣ እሱም አልተኛም ነበር።

ወሬ ከሰቆጣ ጋዝጊብላ ለመድረስ ከአንድ የገበያ ቀን በላይ አይፈልግም። ታላቅ ወንድሜ ሞላ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዱላውን ይዞ መጣ። አባታችን ከሞተ ወዲህ እንደ አባት ነው፤ እኔም ወንድምዓለም ነው የምለው። ገብቶ ተቀመጠ። እማዬ እንጀራ አቀረቡ። እጁን አልዘረጋም።

"እህል አልቀምስም" አለ።

በእኛ አገር ዘመድ ቤትህ ገብቶ እህል አልቀምስም ካለ የመጣው ለጠብ ነው። እማዬ መሶቡን ከድነው ጥግ ቆሙ። ሲሳይም ሳይቀመጥ ቀረ።

"ክንድሽን አሳዪኝ" አለኝ ሞላ።

"ወንድምዓለም፣ አሞኝ ነው። ሕመም ነው።"

"ሕመም ጣት አለው?" እጅጌዬን ራሱ ሰበሰበው። ያን ጊዜ ምልክቶቹ ግማሽ ቢጫ፣ ግማሽ ጥቁር ሆነው ከነበሩበት ሰፍተው ነበር። ቀና ብሎ ሲሳይን አየው። "ይኼ የማን እጅ ነው?"

ሲሳይ ብዙ ሊል ይችል ነበር። ስለ ዳገቱ፣ ስለ ትንፋሼ፣ ስለ መድኃኒቱ ማስረዳት ይችል ነበር። እሱ ግን መዋሸት የማያውቅ ሰው ነው፤ አንዳንዴ ይህ ጠባዩ ያበሽቀኛል።

"የእኔ ነው፣ አያ ሞላ" አለ።

ሞላ ዱላውን ይዞ ተነሣ። እኔም በመካከላቸው ልገባ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። ጣራው ዞረብኝ፣ ከንፈሬ ላይ ሙቀት ተሰማኝ፤ አፍንጫዬ ደም ይወርድ ነበር። እማዬ በነጠላቸው ያዙልኝ፣ ነጠላው ቀላ። ቀና በይ አሉኝ፣ ደሙ በጉሮሮዬ ወረደ። ጎንበስ አልኩ፣ መሬት ላይ ወረደ። አልቆመም። ሞላ ዱላውን የት እንደጣለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ባጃጅ ጠርተው ወደ ሆስፒታል ሲወስዱኝ ሁለቱም ግራና ቀኝ ሆነው ደግፈውኝ ነበር፤ እርስ በርሳቸው ግን አይተያዩም።

ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። አፍንጫዬን በጥጥ ጠቅጥቆ ደሙን ካስታገሠልኝ በኋላ የደም ግፊቴን ለካ። ከዚያ ክንዴን አየና ባሌንም ወንድሜንም አስወጣቸው።

"መምህርት ትርንጎ፣ የምትነግሪኝ ከዚህ ክፍል አይወጣም። ማነው የመታሽ?"

"ማንም አልመታኝም።"

"ጣት ነው ይኼ።"

"ጣት ነው። ግን አልመታኝም፤ ዳገት ላይ ደግፎኝ ነው።"

እንዳላመነኝ ገባኝ። እኔም ብሆን አላምንም ነበር። እልህ ያዘኝና አለቀስኩ፤ በሽታውን እየታመምኩ፣ በላዩ ደግሞ የባሌን ንጽሕና የምመሰክረው እኔው ሆንኩ። ዛሬ ግን ይህን ስጽፍ ሐኪሙን አልወቅሰውም። መጠየቁ ልክ ነበር። የሚጠይቃቸው አጥተው የቀሩ ሴቶች በሰፈራችን አሉ፤ የእማዬም ዕንባ ከዚያ የመጣ ነው።

የምወስደውን መድኃኒት ነገርኩት። ደም ማቅጠኛ ስለው ብዕሩን አስቀመጠ። ስለ ክሊኒኩ መርፌ ስነግረው ዳሌዬን አየ፤ ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ሴት ጡንቻዋ ላይ መርፌ አትወጋም፣ የታይፎይዱም መድኃኒት የክኒኑን ጉልበት ይጨምራል አለኝ። "ግን መበለዙ ከክሊኒኩ በፊት ነው የጀመረው። ከዚያ በፊት ምን ተለወጠ?" አለ። ምንም አልኩ። አሰብኩ፤ በእርግጥ ምንም አልታየኝም።

ይህን ስንነጋገር እማዬ ምግብ ይዘው ገቡ፤ እንዴት እንዳስገቧቸው አላውቅም። ሐኪሙ እሳቸውንም ጠየቃቸው።

"እማማ፣ ቤት ውስጥ ከሁለት ወር ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ?"

"ምን ይለወጣል ልጄ፤ ሃምሳው ገባ እንጂ" አሉ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። "በጾሙ ምን ስትበዪ ነበር?"

"ጎመን" አልኩ።

"በየቀኑ?"

"ጠዋትና ማታ" አሉ እማዬ፣ ኩራት እየተሰማቸው። "በእጄ የተከልኩት ነው። ደም እንዲሆናት።"

"አሁንስ?"

"ምን ነካህ ልጄ፣ በሃምሳው ጎመን?"

ሐኪሙ ወንበሩን ሳበና አጠገባችን ተቀመጠ። ጎመንና የመሳሰለው ቅጠል ደምን የሚያረጋ ነገር እንዳለው፣ ከክኒኑ ጋር ገመድ እንደሚጓተት ነገረን። በጾሙ ጎመኑ በርትቶ ሲጎትት ደሴ ላይ ለክኒኑ ጉልበት ተጨመረለት። ከዚያ ፋሲካ ሆነና ጎመኑ ገመዱን ለቀቀ፤ ክኒኑ ግን በዚያው ኃይሉ መሳቡን ቀጠለ። ጎመን አትብዪ ማለቴ አይደለም አለ፤ አንድ ሰሞን አብዝቶ፣ አንድ ሰሞን ጨርሶ መተው ነው ጉዳቱ። እማዬ ማዳመጡን ጨርሰው የያዙትን ምግብ መሬት ላይ አኖሩ።

"እኔ ነኝ እንግዲያ የገደልኳት" አሉ።

"አልሞትኩም እኮ እማዬ" አልኳቸው። ሳቅ ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም።

ሞላ ይህን ሁሉ በር ላይ ቆሞ ሰምቷል፤ ግን በጎመን የሚሸነግሉት መሰለው። እኔም ልቆጣው አሰብኩና ግፊት የተለካሁበትን ክንዴን ሳነሣ ዓይኔ አረፈበት። መለኪያው ጨርቅ የተጠመጠመበት ቦታ ዙሪያውን ቀልቶ ነበር። እያየነው ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ወደ ጥቁር ተለወጠ። ማታ ላይ ክንዴን የሚዞር ሰፊ ብልዝ ሆነ።

"ወንድምዓለም፣ ና እየው" አልኩት። "ይኼን ደግሞ የመታኝ የግፊት መለኪያው ነው። ዱላህን አምጣና ገሥጸው።"

መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየው። ጣቱን ሊያስጠጋ ፈልጎ ፈራና መለሰ። ከዚያ ወጣ፤ ሲሳይ ወደተቀመጠበት አግዳሚ ሄዶ ከሌላኛው ጫፍ ተቀመጠ።

የክኒኑን ጉልበት የሚሰብር መድኃኒት በጥቂቱ ሰጡኝ። ለምን በጥቂቱ ብዬ ስጠይቅ፣ ከበዛ ደሙ በሩ ላይ ይረጋል አለኝ ሐኪሙ። ስለዚህ ፍርሃቴ አልቀነሰም፣ ጎኑን ብቻ ቀየረ። ደሴ ካሉት ሐኪሜ ጋር በስልክ ተነጋግረው በማግስቱ በአምቡላንስ ላኩኝ። መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር ራሴን በሁለት እጄ እይዛለሁ፤ መናጡ አንጎሌ ውስጥ አንድ ነገር ይበጥሳል ብዬ ፈራሁ። ሲሳይ ባዶ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጠገቤ ተቀምጧል። አምቡላንሱ ሲያጋድል እጁ ሊይዘኝ ይነሣና መሐል ላይ ይቀራል። ሞላ የራሱን ጋቢ አጥፎ ከበለዘው ዳሌዬ ሥር አደረገልኝ።

ደሴ ሲለካ ደሜ መሆን ካለበት እጅግ ቀጥኖ ተገኘ። ሐኪሜ እስከዚያ ድረስ አንጎሌ ውስጥ አለመድማቱ ዕድል ነው አሉኝ። ተኛሁ። በየቀኑ ደም ይቀዳል፣ ውጤቱን እንጠብቃለን። የአልጋ ክፍሉ በር ሲከፈት ሁላችንም፣ በሽተኛውም አስታማሚውም፣ አንድ ላይ ቀና እንላለን፤ ነርሷ የሌላ ሰው ስም ስትጠራ አንድ ላይ ዝቅ እንላለን።

ባሌና ወንድሜ ኮሪደር ላይ አንድ ሰሌን ተጋርተው ያድሩ ነበር። ደሜ ወደ ልኩ መመለስ መጀመሩ የተነገረን ቀን፣ ሞላ በኮሪደሩ ግሉኮስ የተንጠለጠለበትን ብረት እየገፉ የሚንሸራሸሩ አንድ አዛውንት ቄስ አስቆመ።

"አባ፣ አንዴ ይቀመጡልንና ያስታርቁን" አላቸው።

እሳቸውም እንደ ቁም ነገር ይዘውት ከነብረታቸው ተቀመጡ። ሞላ ተናዘዘ፤ እህል አልቀምስም ማለቱን፣ ዱላ ማንሣቱን ተናገረ። ቄሱ "ልማዱ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ መውደቅ ነበር፤ እዚህ ድንጋይ ከየት ይመጣል?" አሉ።

"ግድ የለም አባ" አለ ሲሳይ፣ ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ። "ድንጋይ እኔ ዘንድ ሞልቷል። ሰቆጣ ስንገባ ይሸከማል።"

ሞላም ቃሉን አከበረ። ሰቆጣ እንደገባን ወደ ጋዝጊብላ ከመመለሱ በፊት ሲሳይ የሚሠራው ቤት ግድግዳ እስኪቆም ድረስ ድንጋይ ሲያመላልስ ሰነበተ። አላፊ አግዳሚው ሲጠይቀው "ዕዳ ነው" ይላል። ሲመሽ ከሲሳይ ጋር ከአንድ ትሪ በላ፤ እማዬም ሁለቱንም በተራ አስታጠቡ።

አሁን እንዴት እንደምኖር ልንገራችሁ። በየቀኑ አንድ ስኒ የተቀቀለ ጎመን እበላለሁ፤ ጾም ቢሆን፣ ፍስክ ቢሆን፣ በዓል ቢሆን ያው አንድ ስኒ ነው። ለሚሰፍሩልኝ ለእማዬ ከሥርዓት ጋር መጣላት ስለነበረ መጀመሪያ ከብዷቸዋል። የነፍስ አባታችን ጎመን መድኃኒቷ ሆኗልና ትንሣኤን አይነካም ካሏቸው በኋላ ግን፣ እኔ ብረሳ እሳቸው አይረሱም። ሌላ መድኃኒት ወይም መርፌ ሊሰጠኝ ለሚነሣ ሁሉ ስለ ደም ማቅጠኛው አስቀድሜ እነግራለሁ፤ አይገናኝም ካለኝ ተነሥቼ እወጣለሁ። እናንተም ያለ ምክንያት ከበለዛችሁ ሂዱ። ምክንያት ያለው ከመሰላችሁም ሂዱ፤ እኔን ሊገድለኝ የነበረው ምክንያት ማግኘቴ ነው። ክኒኑን ግን በራሳችሁ አታቁሙ።

ደሜ ወደ ልኩ ተመልሶ፣ የዳሌዬም እብጠት ጎድሎ ወደ ተማሪዎቼ ተመለስኩ። ሳይመለስ የቀረ አንድ ነገር ነበር። ሲሳይ ክንዴን መያዝ ተወ። ዳገቱን ስንወጣ ከኋላዬ ይሄዳል፤ ስቆም ይቆማል፣ ስሄድ ይሄዳል። ለምን ስለው "ብትደክሚ አለሁ" ይለኛል። ሕመሙን ከደሜ አወጡልኝ፣ ከእሱ እጅ ግን ማን ያውጣልኝ? የሰፈሩ ሴቶችም ሙሽሮቹ ማለታቸውን ትተዋል። ሁሉም ነገር እንደተብራራላቸው አውቃለሁ፤ ቢሆንም በዓይናቸው ክንዴን ይፈልጋሉ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በፊት፣ ሰው ሁሉ ወደ ላይ በሚጎርፍበት ሰዓት፣ ዳገቱ መሐል ላይ ቆምኩ። ትንፋሼ አጥሮ አልነበረም።

"ካልያዝከኝ አልወጣም" አልኩት።

"ሰው ያያል" አለኝ ዝቅ ብሎ።

"እንዲያይ ነው።"

ጣቶቹን ክንዴ ላይ አሳረፈ፣ ዕንቁላል እንደሚይዝ ሰው። ቆሜ ጠበቅኩት። "እንደ ድሮው" አልኩት። ሰዎች በአጠገባችን እያለፉ ነው፤ አንዳንዱ ሰላምታ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ቀስ ይላል። ከዚያ እጁ ጠበቅ አለ፣ እኔም ክብደቴን ሰጠሁት፣ ወጣን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ልብሽ እየሮጠ ነው" አለኝ። "ዳገቱ ነው" ብዬ ዋሸሁት።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ከፍቼ እጅጌዬን ሰበሰብኩና ክንዴን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። ሲሳይ ከኋላዬ ቆሞ ትንፋሹን ይዞ ያያል። ምንም አልነበረበትም።